መብራት ሲጠፋ የማይደነግጥ ማሽን

ምርጫ ከባድ ነው ሲባል የሰነፍ ወሬ ይመስለኝ ነበር። በሕይወቴ ብዙ አልመረጥኩማ። ባሌን አባቴ መረጡልኝ፤ የልጄን የክርስትና ስም ቄሱ መረጡልን፤ ሰበታ መኖራችንን ደግሞ የባለቤቴ ሥራ መረጠልን። ሁሉም ደህና ሆነ፣ ተመስገን። ስለዚህ በስተርጅና «የባነር ማተሚያ ማሽን ምረጪ» ስባል፣ እንደ ሌላው ጉዳዬ ሁሉ በሰው እጅ የሚያልቅ መስሎኝ «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት እንደ ቁልቁለት ነው፤ መውረጃውን እንጂ መመለሻውን አያሳይም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለቤቴ ደምሴ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ገበያ ልኳንዳ፣ ፀጉር ቤትና ብረታ ብረት ቤት ፈልጎ ቀና ያለ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው የደምሴን እጅ ጽሑፍ ያነባል። ላይኛው መስመር ኦሮምኛ፣ ታችኛው አማርኛ፣ ሁለቱም ቀጥ ያሉ። አምና የአንድ ፋርማሲ ታፔላ ሲጽፍ መሰላሉ ተንሸራተተ። ከወደቀ አይቀር ፋርማሲ በር ላይ መውደቁ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ሐኪሙ ዳሌውን ጠግኖ «ከእንግዲህ መሰላል የለም» አለው። ታፔላውም «ፋርማ» ብሎ ቀረ። ባለ ፋርማሲው ለደምሴ ክብር ይሁን በስንፍና አላውቅም፣ እስከ ዛሬ አላስጨረሰውም።

ከዚያ ወዲህ ሱቃችን የሚኖረው በባነር ነው። ልጃችን ፌቨን በኮምፒውተር ታዘጋጃለች፣ አዲስ አበባ ልከን እናሳትማለን፣ እነሱም ሲመቻቸው ይልኩልናል። ሲመቻቸው ነው ያልኩት። የአንድ ሰርግ «እንኳን ደህና መጣችሁ» በመልሱ ማግስት ደረሰ። እንግዳው ሄዶ፣ ሙሽሮቹ ሄደው፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ እኔ ባዶ ሜዳ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ታቅፌ ቆምኩ።

ደንበኛ በእንዲህ ያለው እያለቀ ሄደ። በመጨረሻ ያጠራቀምናትን ሁሉ አንድ ማሽን ላይ ልናደርጋት ወሰንን። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞከር ነገር ነው። ማሽኑ ደህና ከሆነ ሱቁ ይኖራል። መጥፎ ከሆነ ሱቁ ይዘጋል፤ ሁለተኛ የምንገዛበት የለንም፣ ደምሴም ወደ መሰላሉ አይመለስም። እሱ ታክሲ ውስጥ ብዙ መቀመጥ አይችልም። ፌቨን ሱቁንም አራስ ልጇንም ትጠብቃለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። ከማሽን ወገን የማውቀው የስፌት መኪና ብቻ ነው።

ወሬው እንደተሰማ መካሪ ፈላ። ጎረቤቴ ሰፊውን ግዢ አለችኝ፣ ሦስት ሜትር ከሃያ የሚያትመውን። «ሰፊ ነገር አይጎዳም» አለች፤ ስለ ቀሚስ የምታወራ ይመስል። ሌላው ጠባቡን አለ። አንዱ ሽታ የሌለውን ቀለም፣ አንዱ ሽታ ያለውን፤ ሽታ ያለው ዝናብ ይችላል አለኝ። ባነር ከለቅሶ ድንኳን በቀር አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ቀለም አረጫጨት ቆሞ አስተማረኝ። ምክር እንደ ክረምት ጭቃ ነው፤ ከማንም ደጅ አይታጣም፣ ለማንም አይረባም፣ ጫማ ግን ያስቀራል።

የሚረባ ነገር የተናገረው ደምሴ ብቻ ነው። «ሻጭ በራሱ ሥዕል ሲያትምልሽ እንዳትታለዪ» አለኝ። «የሻጭ ሥዕል ሁልጊዜ ያምራል። ከራስሽ ፊት አብልጠሽ የምታውቂውን ሥዕል ይዘሽ ሂጂ። ሲበላሽ ወዲያው ታውቂዋለሽ።»

እንዲህ አድርጌ የማውቀው ሥዕል አንድ ነው። ከራስጌዬ ያለችው ሥዕለ ማርያም። ካገባሁ ጀምሮ ጠዋትና ማታ አይቻታለሁ፤ የመጎናጸፊያዋን ሰማያዊ ጨለማ ውስጥ እንኳ አውቀዋለሁ። ፌቨን ፎቶ አንስታ በፍላሽ ሰጠችኝ። ፍላሹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ አማትቤ ወጣሁ። ምን ልናደርግ እንደሆነ ሦስታችንም አላሰብንም።

መጀመሪያ የሄድኩት ቡራዩ ነው። ሱቁ መስታወት በመስታወት፣ ሻጩ ሮቤል የሚባል፣ አንገቱ ላይ ወፍራም የብር መስቀል ያንጠለጠለ፣ አፉ ከማሽኑ የሚፈጥን ጎረምሳ።

«ማዘር፣ ይቺን ይዩልኝ። ሦስት ሜትር ከሃያ! ይቺ እኮ ስታዲየም ታለብሳለች!»

«እኔ ስታዲየም አላለብስም። ልኳንዳ ነው የማለብሰው።»

«ሲያድጉስ?»

«እኔ ልጄ፣ አድጌ ጨርሻለሁ።»

አካሏ ቻይና ራሷ ጃፓን ናት አለኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ሻጭ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፤ ሽማግሌ ልከው ያጋቧቸው ይመስል። ፍላሹን ሰጠሁትና «ሙሉውን አትምልኝ፣ ትልቅ አድርገህ» አልኩት። ማሽኑ ወዲያ ወዲህ እያለ እመቤታችንን ከላይ ወደ ታች ያወርዳት ጀመር። ግንባሯ ላይ ሲደርስ አየሁት። እንደ ጧፍ ክር የቀጠኑ ነጫጭ መስመሮች ፊቷን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጡታል።

«መስመር አለው» አልኩ።

«ሄዱ ስላልተጸዳ ነው ማዘር፣ ቀለም የሚረጨው ነገር። አሁን እናጸዳዋለን» አለና በምላጭ ቆርጦ፣ ጨምድዶ፣ ጠረጴዛ ሥር ወዳለው ቆሻሻ ሊወረውራት እጁን አነሣ።

ጮህኩ። እኔ ጮኼ አላውቅም፤ ምጥ ላይ እንኳ አልጮህኩም።

«ማዘር! ቴስት እኮ ነው!»

«እሷ ቴስት አይደለችም።»

ሮቤል እጁ ላይ ያለውን አየ። መስቀሉን ነካ። ከዚያ የጨመደዳትን በመዳፉ እያቃና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት። «ይፍቱኝ ማዘር» አለኝ፣ እኔ ቄስ የሆንኩ ይመስል።

ሄዱን አጸዳና እንደገና አተመ። መስመሩ ጠፋ፣ መጎናጸፊያዋ ግን ሐምራዊ ሆነ። ቀለሙን አስተካከለና እንደገና አተመ። አሁን ደግሞ ፊቷ አረንጓዴ። አራተኛ ሊሞክር ሲል «በቃ!» አልኩት። የዋልኩበት ጉድ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የምናትማት ሁሉ አትጣልም፣ አትረገጥም። ሌላ ሰው የተበላሸ ባነር የማገዶ መሸፈኛ ያደርገዋል፣ ዶሮ ቤት ያለብሰዋል። እኔ እሷን ምን ላደርጋት ነው? ሦስቱንም ጠቅልዬ ታቅፌ ወጣሁ። ማሽኑንም ተውኩት፤ የሚፈልገውን የመብራት ኃይል ሲነግረኝ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ታክሲ ላይ ረዳቱ «እናት፣ ጥቅሉን ከወንበር ሥር ያድርጉት» አለኝ።

«አይሆንም። ሥዕለ ማርያም ናት።»

«እሺ፣ ጣሪያ ላይ እንሰረው።»

አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ዞሩ። «አንተ! እመቤታችንን በገመድ ልታስር ነው?»

«እረ ፋዘር፣ እኔ ምን አልኩ!»

ከዚያ ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ተጠጋጋ። ሦስቱን ጥቅል እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ሄድኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ስትወርድ ጥቅሉን ተሳለመች። ሐምራዊዋን ይሁን አረንጓዴዋን አላውቅም። እግዚአብሔር ልቧን ያይላታል።

በሳምንቱ ሱሉልታ ሄድኩ። ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሰው ማተሚያ ቤታቸውን ዘግተው ላም ሊያረቡ ነው፣ ያገለገለ ማሽናቸውን ይሸጣሉ ተባለ። የሱሉልታ ነፋስ ነጠላ አይፈራም። ኦቦ ቶሎሳ ጋቢ ደርበው በር ላይ ጠበቁኝ።

«አከም ጅርቱ? በገ ነጋን ዱፍተን! ይግቡ እህቴ፣ ብርድ ነው። ረቡዕ ባይሆን ወተት ነበር የምሰጥዎ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንደጠጣሁ ይቁጠሩልኝ።»

«ማሽኑ አሮጌ ነው፣ አልዋሽዎትም። እንደኔ ነው። ቀስ ይላል፣ ግን ይሠራል።»

ሰውየውን ወደድኳቸው። የቡራዩ ነገር ተረስቶኝ አይደለም፤ ሌላ እንደሷ የማውቀው ሥዕል አልነበረኝም፣ ደግሞም እኚህ ሰው ዘንድ አትበላሽም ብዬ አመንኩ። ያችኑ ፍላሽ ሰጠሁ። አክሊለ ብርሃኗ ወርቅ ሆኖ ወጣ። ግንባሯ ጥርት አለ። ዓይኖቿ ራሳቸው። አፍንጫዋ፣ ከንፈሯ፣ አገጯ። «ተመስገን» ልል አፌን ስከፍት መብራት ጠፋ።

ማሽኑ ዝም አለ። እመቤታችን እስከ አንገቷ ወጥታለች፤ ከዚያ በታች ነጭ ነው።

«መብራት ሲመጣ ይቀጥላል?» አልኩ።

«አይቀጥልም። ሀ ብሎ ነው የሚጀምረው።»

«ይህችስ?»

ኦቦ ቶሎሳ ምላጩን አዩ። እኔም አየሁት።

«እኔ አንገቷ ላይ ምላጭ አላሳርፍም» አሉ።

«እኔም አላሳርፍም።»

ባለቤታቸውን ጠሩ። ገብተው አዩና «ዋይ!» ብለው ወጡ፤ ሽሮ ይዘው ተመለሱ። ሰው ሲቸገር ማዕድ ማቅረብ ደግ ልማድ ነው፤ ችግሩ ግን ከማዕዱ በኋላም እዚያው አለ። በላን። ጎረቤት መጣ። የመጣው ሁሉ ይሳለማል፣ መብራት ኃይልን ያማል፣ ይቀመጣል። ምላጩን ስንሰጠው ግን ያልታለበች ላም ትዝ ትለዋለች። እኔ ጸሎቴን ጨረስኩ፣ ኦቦ ቶሎሳ የላሞቻቸውን ስም ነግረውኝ ጨረሱ፣ መብራት ግን አልመጣም።

በመጨረሻ አንዲት አሮጊት በከዘራ መጡ። ቆመው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ምን አስጨነቃችሁ?» አሉ። «ለሰውነቷ የሚሆን ቦታ ትታችሁ ከሥር ቁረጡ። ነጩም የእሷ ነው።»

እውነታቸውን ነው። እስከ እግሯ የሚደርስ ነጭ ትተን ቆረጥን። ይህ እስኪታሰብ ግን ቀኑ አልቆ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ መንገድ ድረስ ሸኙኝና «ማሽኑ ይቅርብዎ» አሉኝ። «ሻጭ እንዲህ አይልም፣ አውቃለሁ። ግን የሰበታ መብራት ከሱሉልታው አይሻልም።»

«ገለቶማ» አልኳቸው። ምስጋና በራሱ ቋንቋ ሲሆን ልብ ይገባል።

መንገድ ላይ ሳስበው ደሜ ፈላ። ስፋት አሉኝ፣ ቀለም አሉኝ፣ ሽታ አሉኝ፣ ቻይና ጃፓን አሉኝ። ያን ሁሉ መካሪ ተሸክሜ ስዞር፣ መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ሰበታ ተወልደው፣ ሰበታ አርጅተው፣ በሻማ ራት እየበሉ የመከሩኝ ናቸው እኮ! እኔም አልጠየቅሁም። ሰው አብሮት የኖረውን ችግር ችግር አይለውም፣ ልማድ ይለዋል።

የተበላሹትን ሁሉ ይዤ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። አባ ዘርግተው አዩ፤ ባለ መስመሯን፣ ሐምራዊዋን፣ አረንጓዴዋን፣ እስከ አንገት ያለችውን። ሳቅ ሲመጣባቸው ጢማቸውን ያዙ።

«ዕቃ ቤት በክብር ይቀመጣሉ ልጄ፣ አትጨነቂ» አሉኝ። «ሌላ ማሽን ልታዪ ነው?»

«አዎ አባ።»

«እንግዲያው የአበባ ሥዕል ይዘሽ ሂጂ። ዕቃ ቤታችን ጠባብ ነው።»

ይህንኑ ለደምሴ ነገርኩት። «አበባ ይዋሻል» አለ። «ሐምራዊ ቢሆን አበባ ነው፣ አረንጓዴ ቢሆን ቅጠል ነው ይሉሻል። የሚያስፈልግሽ የምታውቂው ፊት ነው።»

አየሁት።

«ምን ታይኛለሽ?»

አሁንም አየሁት።

«አይሆንም!» አለ።

ሆነ። ፌቨን፣ አባቷ በምርቃቷ ቀን በጥቁር ሱፍና በክራባት የተነሣውን ፎቶ ወሰደች። ከኋላው ሰማያዊ ሰማይና ነጭ ደመና አደረገችለት፤ መስመር ጎልቶ የሚታየው ቀለም ቀስ እያለ ሲሳሳ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ከሰማይ የተሻለ የለም ብላ። ልክ ነበረች። ጥቁር ሱፍ፣ ሰማይ፣ ደመና። እንዲህ ሆኖ የሚታተም ሰው ብዙውን ጊዜ ምን እንደሆነ ባነር ቤት ያለን ሰዎች እናውቃለን። ግን ስለ መስመር የሚያስብ ሰው ስለ ሌላ አያስብም።

እንደገና ቡራዩ፣ ሌላ ሱቅ። ሻጩ ወንድወሰን የሚባል፣ ድምፁ ዝግ ያለ ጎልማሳ ነው። ሜትር ከሰማንያ የሚያትም ማሽን አሳየኝ። «አካሏ ቻይና…» ብሎ ሲጀምር አቋረጥኩት።

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ከቆመበት ይቀጥላል፣ እትዬ።»

«አፍማ መብራት አይጠፋበትም። አትምልኝ።»

ደምሴ ከሰማዩ ጀምሮ ወረደ። ሰማዩ ደህና። ፀጉሩ ደህና፤ ሽበቱ እንኳ በየቦታው አለ። ዓይኑ፣ ጉንጩ፣ ሲናደድ የሚያከው አገጩ። አንገቱ ላይ ሲደርስ በስመ አብ ብዬ ሄጄ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

«እትዬ! ምን አደረጉ?»

«መብራት ጠፋ።»

«አልጠፋም! እርስዎ ነቀሉት እንጂ!»

«እኛም ሰፈር አስጠንቅቀው አያጠፉም።»

«ማሽኑ ቢበላሽስ?»

«አሁን ይበላሽ፣ አንተ ዘንድ እያለ።»

ወንድወሰን ግንባሩን ይዞ ቁጭ አለ። አባታችን ሆይን በቀስታ ደግሜ ጨረስኩና መልሼ ሰካሁት። ማሽኑ ጮኸ። ወደ ዳር ሄደ፣ ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ወዲያ ወዲህ ፈለገ፣ ቆመ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደምሴ አንገት ተመለሰና ክራባቱን ያስርለት ጀመር።

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። መስመር ያለ መሰለኝ፤ የሌለም መሰለኝ። ለዚህ ዓይን ሱቅ አይታመንም። «ባለቤቴ ሳያየው ቃል አልሰጥም» አልኩት።

«ይውሰዱት። ቀለሙ እስኪደርቅ አጥብቀው አይጠቅልሉት» አለኝ። ሲሸኘኝ ሶኬቱን በጀርባው ከልሎ ነበር።

ላላ አድርጌ ስጠቀልለው የደምሴ ፊት በውጭ በኩል ቀረ። ነፋስ ስለነበር ነጠላዬን ተከናንቤያለሁ። ከአየር ጤና ወደ ሰበታ ታክሲ ስገባ ጫጫታው ጸጥ አለ። ረዳቱ ሙዚቃውን አስቀንሶ ቦታ አስለቀቀልኝ። ልጆች ጨዋ እየሆኑ ነው፣ ተመስገን አልኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ባነሩን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ምን ሆነው ነው?» አለኝ።

«ከመሰላል ወድቆ።»

«አይይ!» ራሱን ነቀነቀ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ጸሎት አይመለስም ብዬ «አሜን» አልኩ። እኔ ቃል አላበዛም። ያን ቀን ግን ሁለት ቃል ብጨምር ምን ነበረበት?

ከኋላ ወንበር የእድራችን ዳኛ የአቶ ከበደ ሚስት ነበረች፤ እኔ አላየኋትም። ሐዘንተኛ መንገድ ላይ አይጠየቅም፣ ሥርዓት ታውቃለች። ስለዚህ ዝም ብላ ዓለም ገና ወረደችና ለባሏ ደወለች።

ቤቴ ስደርስ ድንኳን የተሸከሙ ሰዎች በራችን ላይ ቆመዋል። ደምሴ በከዘራው ተደግፎ ራሱ ከፍቶላቸዋል።

«ማን ሞተ?» ይላል።

አቶ ከበደ ተንተባተበ። «ደምሴ… አንተ ነህ የተባልነው።»

«እኔ?»

«እንዲህ ነው የተነገረን።»

«ታዲያ በሩን ማን ከፈተልህ?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው።»

ከኋላ ብረቱን የተሸከመው «እናውርደው ወይስ እንመልሰው? ከባድ ነው» አለ። በዚህ መሐል እኔ ባነሩን ታቅፌ ደረስኩ። ሁሉም ባነሩን አየ፣ ከዚያ ደምሴን አየ። ደምሴ ደግሞ ራሱን በሰማይና በደመና መካከል አየ።

«አንቺ ሴት» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ ከበቂ በላይ ነበር።

ሰዎቹ ሳቃቸው ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም፤ የሳቅ ጊዜ አልነበረም። ባነሩን ዘርግቼ በሁለት የድንኳን ብረቶች አስያዝኩት።

«መሐል ላይ መብራቱን አጥፍቼበታለሁ» አልኩት። «ቦታውን ካገኘኸው ማሽኑ ይቀራል።»

ሳቁ ቆመ። መነጽሩን አወጣ። ታፔላ ሲያይ እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀረብ ብሎ፣ ራቅ ብሎ፣ በጥፍሩ እየዳሰሰ ከሰማዩ ወረደ። ግንባሩን አለፈ። አገጩን አለፈ። መስመር ካገኘ ደግሞ ሌላ ሱቅ ነው፣ ሌላ ታክሲ ነው፤ ያውም ደንበኛ እስከዚያ ከጠበቀን። አንገቱን አለፈ። ክራባቱን አለፈ። የኮቱ ቁልፍ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ወደ ላይ ተመለሰና እንደገና ጀመረ። አቶ ከበደም ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ብረት የያዙትም አንገታቸውን አስግገው ፈለጉ።

«የለም» አለ ደምሴ። «በይ የት ላይ ነው?»

«አንገትህ ላይ።»

ጣቱን በባነሩ አንገት ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈ። ቀጥሎ በራሱ አንገት ላይ አሳለፈ።

«አላመመኝም» አለ። «ነገ ሂጂና አስጭነሽ አምጪው።»